ቆንጆን ቆንጆ ላለማለት

አንድ የለንደን ጎረምሳ ስለ አንዲት ልጅ ሲያወራ «ፊት ናት» ቢላችሁ ስለ ፊቷ የሚናገር እንዳይመስላችሁ። የእሱ «ፊት» ከእኛው ፊት ጋር በድምፅ ብቻ የተገናኘ ሌላ ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ተስማሚ፣ ብቁ፣ ጤናማ፣ በስፖርት የጠነከረ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ጎረምሳው ግን ለጤንነቷም ለብቃቷም ደንታ የለውም። ልጅቱ ዓይኑን ይዛዋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቋንቋው ለዚህ ጉዳይ አምስት ስድስት የታወቁ፣ የተከበሩ ቃላት አዘጋጅቶለት ሳለ እሱ ከሐኪም ቤትና ከስፖርት ሜዳ ቃል ተውሶ መጣ። ለምን?

ጥያቄው የቋንቋ መምህራን ብቻ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ሰዎቻችን እንዲህ ያለ ቃል በገጠማቸው ቁጥር አንድ መድኃኒት አላቸው፦ «ቆንጆ»። «በርድ» ቢል ቆንጆ፣ «ክረምፔት» ቢል ቆንጆ፣ «ስተነር» ቢል ቆንጆ፣ «ዲሺ» ቢል ቆንጆ፤ ተሞጋሹ ወንድ ከሆነ ደግሞ «መልከ መልካም»። ወዛደሩም፣ ሎርዱም፣ የ1850ዎቹ ሠዓሊም፣ የዛሬው የሃክኒ ተማሪም በአንድ አፍ ይናገራሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) በዚሁ የትርጉም ሥራ ስለምተዳደር ጭንቁን አውቀዋለሁ፤ አሳታሚ ይቸኩላል፣ መዝገበ ቃላት ይለግማል፣ ክፍያው የሚያስቅ ነው። ያም ሆኖ ነገሩን ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። እነዚህ ቃላት ስለሚታየው ሰው የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቁመቱን አይነግሩን፣ የፀጉሩን ቀለም አይነግሩን። ስለሚያየው ሰው ግን ብዙ ያወጣሉ፦ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ፣ ምን እንደሚያሳፍረው፣ ዓይኑ ምን ማየት እንደፈለገና ምን ላለማየት እንደጨከነ። «ቆንጆ» ብለን ባለፍን ቁጥር የምንሰርዘው ይህንን ተመልካች ነው።

እንግሊዞች የአራዳ ቋንቋቸውን መልቀም የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ ወፍራምና ጨዋታ አዋቂ ካፒቴን በለንደን መናኛ ሰፈሮች ሌሊት ሌሊት እየዞረ የሰማውን ሁሉ ጽፎ በ1785 መዝገበ ቃላት አድርጎ አሳተመው። ኤሪክ ፓርትሪጅ በ1937 የራሱን አወጣ፤ ጆናተን ግሪን በ2010 በሦስት ታላላቅ ጥራዞች ተከተለ። ሦስቱም ወንዶች ናቸው። ይህን የምለው ድካማቸውን ለማቃለል አይደለም፤ በተለይ የግሪንን ሥራ የነካ ሰው ኮፍያውን ሳያነሣ አያልፍም። ነገር ግን የመጠጥ ቤቱ፣ የጦር ሰፈሩና የወህኒ ቤቱ ወሬ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ልብ ሲገኝ፣ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ለጓደኛዋ ስለ አንድ ጎረምሳ ምን እንዳለች ብትፈልጉ ገጽ ብዙ ትገልጣላችሁ።

አስቀድመን አንድ ጠባያቸውን እናንሣ። እንግሊዛዊ ሲያደንቅ ያፍራል። «መጥፎ አይደለችም» ካለ ወድቆላታል ማለት ነው። «ለዓይን አትከብድም» ይላል፤ «ትንሽ ደኅና ነገር ናት» ይላል። ለሠርግ ለብሶ የወጣን ሰው «ተፈትጎ ሲታጠብ ያምርበታል» ይሉታል፣ ድስት ይመስል። የእኛም እናቶች ሕፃን ሲያደንቁ ይጠነቀቃሉ፤ «ከዓይን ያውጣህ» ሳይሉ አያልፉም። ጥንቃቄያቸው ግን ለሚታየው ልጅ ነው። እንግሊዙ የሚጠነቀቀው ለራሱ ነው፤ ልቡ መነካቱ እንዳይታወቅበት። ስለዚህ ወይ ያሳንሳል፣ ወይ ይቀልዳል፣ ወይ እንደ ጎረምሳችን ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ቃል ይዋሳል። የተዋሰው ቃል ጭምብል ነው፤ ቢያሳፍረው «ቀልዴን እኮ ነው» ብሎ ያወልቀዋል።

የተከበሩት ቃላት ራሳቸው ቢሆኑ ትውልዳቸው ሲመረመር ጉድ ይወጣል። «ፕሪቲ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ብልጣብልጥ፣ ተንኮለኛ ማለት ነበር። «ሃንድሰም» ለእጅ የሚመች። «ግላመር»ማ ስኮትላንዶች «ግራመር»ን አጣምመው የፈጠሩት ነው፤ ሰዋስው የጠነቀቀ ሰው አስማትም አይጠፋውም ተብሎ ይታማ ነበርና ቃሉ መጀመሪያ ዓይን የሚያፈዝ ድግምት ማለት ሆነ፤ ዋልተር ስኮት በድርሰቶቹ አሠራጨው፤ ኋላ የፊልም ተዋናዮች ወረሱት። ቅኔ የተቀኘ ደብተራ በየመንደሩ ስሙ ከምን ጋር እንደሚነሣ ለሚያውቅ የሀገሬ አንባቢ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ወደ «ስተነር» ልምጣ። መትቶ ማደንዘዝ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ «አደንዛዥ» እንበለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቅድመ ራፋኤላውያን የተባሉት ወጣት ሠዓሊዎች፣ በተለይም ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲና ጓደኞቹ፣ ይህን ቃል የማኅበራቸው ምልክት አድርገውት ነበር። ለሥዕላቸው የምትሆን ሴት በየመንገዱና በየትያትር ቤቱ ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙ «ስተነር!» ይባባላሉ። ጄን በርደን የፈረስ ባልደራስ ልጅ ነበረች፤ በ1857 ኦክስፎርድ ትያትር ቤት ውስጥ አዩአት። ከእሷ በፊት ኤሊዛቤት ሲዳል ነበረች፤ የኮፍያ ሱቅ ሠራተኛ። ሚሌ የተባለው ሠዓሊ የሼክስፒርን ኦፊሊያ ሲሥል በገንዳ ውኃ ውስጥ ያስተኛት እሷን ነው፤ ውኃውን ከሥር የሚያሞቁት መብራቶች ጠፍተው በብርድ ታመመች። በጥበቡ ስም የተደረገ ነውና ሥዕሉ ዛሬም ለንደን ውስጥ ተሰቅሎ ሕዝብ ይደነቅበታል።

ሲዳል ግን ራሷ ትሥል ነበር፤ ግጥምም ትጽፍ ነበር። ጆን ረስኪን፣ የዘመኑ ኃይለኛ ሐያሲ፣ በ1855 ሥራዎቿን በዓመት 150 ፓውንድ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ይህ ለአንዲት የኮፍያ ሱቅ ልጅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በ1862 በ32 ዓመቷ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የቀረላት ስም «ስተነር» የሚለው ነው። በ2023 ለንደን የሚገኘው ቴት ብሪተን ስለ ሮሴቲ ቤተሰብ ባዘጋጀው ትርዒት ላይ ሥራዎቿ ከባሏ ሥራ ጋር ተሰቅለው ታዩ። በመካከሉ ያለፈውን ዘመን እናንተው ቁጠሩት። አደንዛዥ የተባለ ሰው ሥራው ማደንዘዝ ብቻ ነው፤ ብሩሽ የሚይዝበት እጅ በቃሉ ውስጥ የለም።

ለሮሴቲ ግን ፍርድ እንዳናጓድል። በ1853 የነካካት አንዲት ትንሽ ንድፍ አለች፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሲዳል ፊት ለፊቱ ሆና እሱን ትሥለዋለች። ራሱን ታዛቢ ሳይሆን ታዛቢ ያገኘ ሰው አድርጎ አቀረበ። አፉ «ስተነር» ሲል እጁ ሌላ ነገር ያውቅ ነበር። ከዝነኞቹ ትላልቅ የቀለም ሥዕሎቹ ይልቅ እኔ ይህችን ቁራጭ ወረቀት እመርጣለሁ።

ቃሉ ኋላ የት እንደወደቀ ይታወቃል። «ዘ ሰን» ጋዜጣ ከ1970 ጀምሮ በሦስተኛ ገጹ ላይ ጡታቸው የተገለጠ ወጣት ሴቶችን ሲያወጣ፣ ስማቸውን እየጠራ «ስተና» ይላቸው ነበር፤ ፊደሉን ሆን ብሎ እንደ ሰፈር አነጋገር አጣምሞ። የታተመው ገጽ በ2015 ቀረ፤ ሴቶች ፊርማ አሰባስበው ከሁለት ዓመት በላይ ከዘመቱ በኋላ። ከሠዓሊ ቤት ወደ ቁርስ ጠረጴዛ ጋዜጣ መውረዱን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ብዙም ርቀት አልታየኝም። «ስማሸር»፣ «ክራከር»፣ «ኖክአውት» የሚባሉትን ዘመዶቹን ስታዩ ሁሉም ዱላ ናቸው፦ ሰባሪ፣ ሰንጣቂ፣ ዘራሪ። ተመልካቹ ሁልጊዜ ተመቺ ነው፤ ተመቺ ደግሞ ለሚያደርገው ነገር አይጠየቅም።

ከዱላው ወደ ገበታው እንሻገር። ክረምፔትን ያልቀመሰ አንባቢ አማርኛ ተናጋሪ በመሆኑ ዕድለኛ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። ክረምፔት በእርሾ ከተነሣ ሊጥ በምጣድ ላይ የሚጋገር፣ ከላዩ ዓይን የሚያወጣ፣ እጅ መዳፍ የምታክል ወፍራም ቂጣ ናት። እንጀራችን ዓይን እንደሚያወጣው ማለት ነው። እንግሊዞች ትኩስ አድርገው ቅቤ ይቀቡባታል፤ ቅቤው በዓይኖቿ ይሰርጋል። ባለፈው ክፍለ ዘመን ወንዶቹ ይህችን የሻይ ሰዓት ምግብ ለሴት ስም አደረጓት። አንዷን ብቻ አይደለም፤ «እዚያ ቤት ክረምፔት አለ ወይ?» ብለው በጅምላ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዳቦ ቤት እንደሚጠይቅ ሰው።

ጆአን ቤክዌል የምትባል ጋዜጠኛ ከ1965 እስከ 1972 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ «ሌት ናይት ላይን አፕ» የሚባል የምሽት የባህል ዝግጅት ታቀርብ ነበር። እንግዶቿ ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ የዘመናዊውን ሥዕል አካሄድ የለወጠውን ማርሴል ዱሻምፕን በ1968 ፊት ለፊት አስቀምጣ ጠይቃዋለች። ፍራንክ ሚዩር የተባለ ቀልደኛ ደራሲ ታዲያ «የሚያስብ ሰው ክረምፔት» የሚል ስም አወጣላት። ሀገር ሳቀ። ስሙ ተጣበቀ። በ2008 ዴም ተብላ ተሾመች፣ በ2011 የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነች፤ ስለ እሷ የሚጻፍ ጽሑፍ ግን ቂጣዋን ሳያነሣ ማለፍ ከብዶት ኖረ። ቀልዱን ልብ በሉት፤ «የሚያስብ ሰው» የተባለው ተመልካቹ ነው። ማሰብ ለወንበሩ ወንድ ተሰጠ፤ ዱሻምፕን ስትጠይቅ ያመሸችው ሴት ወደ ሳህን ገባች። ይህ ስድብ አይደለም፤ ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው። ሙገሳ ነው፤ ለሙገሳ ደግሞ ፈገግ ማለት ይጠበቅባታል።

ይህን ሐረግ እንዴት እንተርጉመው? «የምሁር ቆንጆ» ብንል ሞተ። «የአሳቢ ሰው እንጀራ» ብንልስ? ምግቡ ቀረበ፣ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። እንጀራ በእኛ አፍ ኑሮ ነው፣ ሥራ ነው፣ ዕጣ ነው፤ «እንጀራዬ» ያላት ሴት የምታኖረው ናት። ክረምፔት ግን ከምሳና ከእራት መካከል የምትነከስ፣ ባትኖርም ማንም የማይራብባት ነገር ናት። በበኩሌ ክረምፔትን ክረምፔት ብዬ ትቼ፣ ቀደም ባለ ገጽ ላይ ገጸ ባሕርያቱን ሻይ ሲጠጡ ቂጣዋን አንድ ጊዜ አስነክሳቸዋለሁ። አንባቢ ሞኝ አይደለም፤ ሲመጣ ያውቀዋል።

ገበታው ላይ ሌሎችም አሉ። «ታርት» በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማቆላመጫ ስም ነበር፣ ጣፋጭ ኬክ እንደማለት፤ ብዙም ሳይቆይ ጋለሞታ ማለት ሆነ። «ዲሺ»፣ ከምግብ ሳህን የመጣው፣ በ1960ዎቹ ሴቶች ስለ ወንድ የሚሉት ቃል ሆኖ ገነነና አርጅቶ ተረሳ ሲባል፣ በ2020 ጋዜጦቹ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለሪሺ ሱናክ አወጡት፤ ከስሙ ጋር ቤት ይመታል። ሰውየው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሕዝቡ ምግብ ቤት ሄዶ እንዲበላ ከመንግሥት ካዝና ድጎማ ሰጥቶ ነበርና ሳህኑ ከሁለት በኩል ገጠመለት። ይሁንና «ዲሺ» መባሉ በጀት ከማቅረብ አላገደውም፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ደረሰ። ወንድ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ሹካው አይነካውም።

«ታለንት» የሚሏት ቃል ደግሞ ለየት ትላለች። መጠጥ ቤት የገባ ጎረምሳ ዙሪያውን ቃኝቶ «ዛሬ ታለንቱ እንዴት ነው?» ቢል ዘፋኝ እየፈለገ አይደለም፤ የሚታይ ሰው አለ ወይ ማለቱ ነው። ይህ ታለንት በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ላይ ጌታው ለባሮቹ የሰጣቸው መክሊት ነው። የብር ሚዛን ነበር፤ በምሳሌው ምክንያት የተፈጥሮ ስጦታ ማለት ሆነ፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ቢራ ቤት ገባ። «የዛሬው መክሊት» ብሎ መተርጎም ያስቃል፤ ግን እንግሊዝኛውም ያስቃል እኮ!

«በርድ» ወፍ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ግጥሞች ልጃገረድን «በርድ» የሚል ተመሳሳይ ቃል ይገኛል፤ የ1960ዎቹ ጎረምሳ ግን ግጥሞቹን አንብቦ አይደለም ወፍ ያላት። የዚህ ቃል መጽሐፉ «አልፊ» ነው፤ የቢል ኖተን ድርሰት፣ በ1966 ማይክል ኬን የተጫወተበት ፊልም። አልፊ ወደ ካሜራው ዞሮ ለተመልካቹ እያወራ ሴቶቹን «በርድ» ይላቸዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ይብስበትና ሴቲቱን «ኢት» ይላታል፣ ለዕቃና ለእንስሳ በሚነገረው ተውላጠ ስም። እዚህ ላይ አማርኛ ክንዱን ይሰጣል። እኛ ዕቃውንም «እሱ» ወይም «እሷ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለንም፤ እንዲያውም የወደድነውን ዕቃ በሴት እንጠራለን፣ «መኪናዋ»፣ «ቤቷ» እያልን። እንግሊዛዊው ሴትን ከሰው ጾታ አውጥቶ ዕቃ ሲያደርጋት፣ እኛ ዕቃን አንስተን ልጅ እናደርገዋለን። አልፊን በአማርኛ «እሷ» ካስባልነው አዘነላት ማለት ነው፤ ፊልሙ የቆመበት ጭካኔ ይተናል። «ይቺ ነገር» ቢላት ይቀርባል፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም።

በ1969 ደግሞ ካርላ ሌንና ማይራ ቴይለር የተባሉ ሁለት የሊቨርፑል ሴቶች ቃሉን ከወንዶቹ እጅ ነጥቀው ለቢቢሲ «ዘ ሊቨር በርድስ» የሚል ተከታታይ ኮሜዲ ጻፉ። የከተማይቱ ዓርማ የሆነው ወፍና ሁለት ደባል ወጣት ሴቶች በአንድ ስም ገቡ። ወፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አወራች ብል ማጋነኔ አይመስለኝም። የተነገራትን ስም ለብሳ ወንዶቹን ታዘበች።

ከለንደን ውጪ ያለውን አገር በሩጫ ልለፈው፤ ለብቻው መጽሐፍ ይፈልጋል። ስኮትላንድና ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ «ቦኒ» ይላሉ፤ ለሴትም ለሕፃንም ለብሩህ ቀንም ይሆናልና ከሁሉም ጨዋው ነው። ዌልሶች «ለሽ» ይላሉ፣ ለምለም እንደማለት፤ ከ2007 ጀምሮ የታየው «ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ በመላ ብሪታንያ አሠራጨላቸው። ለምለም! ይህን ለአማርኛ መተርጎም ትርጉም ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ወደ «ፊት» እንመለስ። በ2004 «ዘ ስትሪትስ» በሚል ስም የሚጫወተው ማይክ ስኪነር ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ታምሪያለሽ፣ ግን ታውቂዋለሽ» የሚሆን ዘፈን አወጣ፤ በእንግሊዝ ሠንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ አጭር ልብ ወለድ ነው የማነበው። የሰከረ ወጣት ለዕረፍት በሄደበት አገር ድንች ጥብስ ሊገዛ ተሰልፏል፤ አንዲት ልጅ ያያል። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ሙግት ነው፣ ራሱ ከራሱ ጋር። ከአሥር ስንት እንደሚሰጣት ያሰላል፤ ጥቂት ቢራ ቢጨምር ውጤቷ ከፍ እንደሚልም አይሸሽግም። ከዚያ ይከስሳታል። ክሱ ምንድን ነው? ማማሯን ማወቋ። እነሆ የሁለት መቶ ዓመት የአራዳ ሙገሳ ምሥጢሩን አወጣ! ስተነሯም፣ ክረምፔቷም፣ ወፏም ስለ ራሳቸው እንዳያውቁ ተፈልጎ ነበር፤ እውቀቱ የተመልካቹ ንብረት ነበርና። ስኪነር ብልህ ነው፤ ልጅቱን አያናግራትም፣ ጎረምሳውን ግን ገመዱን ለቀቅ አድርጎለት ራሱን እስኪጠልፍ ድረስ ያስለፈልፈዋል። ዘፈኑ ሲያልቅ ስለ ልጅቱ አንድም ነገር አናውቅም፤ እሱን ግን ከነድንች ጥብሱ አውቀነዋል። ይህን የሴት ንቀት አድርገው የተቹ ሰዎች ያደመጡት አዝማቹን ብቻ ይመስለኛል።

«ፊት» አንድ መልካም ጠባይም አለው። ቂጣም ወፍም አይደለም፤ ሴት ለወንድ፣ ወንድ ለሴት፣ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት እኩል ትለዋለች። ከእሱ በኋላ የመጣው «ፔንግ»ም እንዲሁ። ፔንግ የአዲሱ የለንደን እንግሊዝኛ ልጅ ነው። በ1948 «ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ የካሪቢያን ሰዎችን ይዛ ከደረሰች ወዲህ፣ ጃማይካው፣ ናይጄሪያው፣ ቤንጋሊው፣ ነጩም የምሥራቅ ለንደን ልጅ በአንድ የትምህርት ቤት ግቢ አድገው የፈጠሩት አነጋገር ነው። ፖል ከርስዊልና ጄኒ ቼሸር የሚባሉ የቋንቋ ምሁራን ከ2004 እስከ 2007 ሃክኒ ውስጥ ወጣቶችን እየቀረጹ አጥንተውታል፤ ጋዜጦቹ «የጃማይካ አስመሳይ» እያሉ ያፌዙበት የነበረው ንግግር የማንም ቅጂ እንዳልሆነ፣ የሁሉም ልጆች የጋራ አፍ እንደሆነ አሳይተዋል። ሰሚ ግን ጥቂት ነበር። በ2011 የለንደን ረብሻ ማግሥት አንድ የታወቀ ታሪክ ጸሐፊ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጥፋቱን በዚሁ የጃማይካ አነጋገር ላይ አላከከ። በ2013 በደቡብ ለንደን አንድ ትምህርት ቤት የተከለከሉ የሰፈር ቃላትን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ክረምፔት በታላላቅ ጋዜጦች ላይ ስትጻፍ ዝርዝር የለጠፈ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ሎርዱ ሴትን ቂጣ ቢላት ቀልድ አዋቂ ነው፤ የሃክኒ ልጅ ጓደኛውን «ፔንግ» ቢላት ቋንቋ አበላሸ።

አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ኤላይጃ ክዋሺ የሚባል ወጣት ከ2015 ጀምሮ የለንደንን የዶሮ ጥብስ ቤቶች እየዞረ፣ ከረባትና ሱፍ ለብሶ በስፖርት ጫማ፣ ሳንድዊቹን በኮስታራ ሐያሲ ወግ ይመዝናል፤ ዝግጅቱን «ዘ ፔንጀስት መንች» አለው፣ ከሁሉ የሚያምረው ጉርሻ ብንለውስ። ድሮ የምግቡ ስም ወደ ሰው ይሄድ ነበር፤ አሁን ለሰው የሚባለው ሙገሳ ለዶሮ እየተሰጠ ነው። ዶሮዋ አልተቀየመችም።

ለተርጓሚ ወገኖቼ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቃሉን ከመተርጎማችሁ በፊት ዓይኑ የማን እንደሆነ እዩ። አዲስ አበባም ብትሆን ባዶ እጇን አይደለችም። «ጠበሳ» ያለች ከተማ ስለ ክረምፔት ልትደናገጥ አይገባትም፤ እንግሊዝኛው «ቺክ»ም ጫጩትነቱ ተረስቶ በሰፈራችን «ቺኳ» እየተባለ ኖሯል። ይሁንና የለንደኑን ጎረምሳ የፒያሳ ልጅ አድርጎ ማቅረብም ሌላ ጥፋት ነው፤ «አሪፍ ቺክ ናት» ብሎ በአማርኛ የሚናገር የሮሴቲ ጓደኛ አይታየኝም። ለሮሴቲ «ታፈዛለች» እሰጠዋለሁ። ለአልፊ «ይቺ ነገር»። «ፊት»ን እስካሁን አልቻልኩትም፤ «ተመቸችኝ» የሚለው የልጆቻችን አነጋገር ይቀርበዋል፣ ምክንያቱም እሱም ስለ ተመልካቹ ምቾት እንጂ ስለ ልጅቱ አንዳች አይልም።

«ፔንግ»ን በተመለከተ ከእኔ ይልቅ አንዲት እናት ሠርታበታለች። ለንደን ሳለሁ አንድ እሑድ የጋበዘችኝ የሀገሬ ልጅ እዚያው የተወለደች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱ የእናቷን ዶሮ ወጥ እንደቀመሰች «ማሚ፣ ፔንግ ነው!» አለች። እናትየው ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ ምን ማለቷ ነው?» አለችኝ።

«ይጣፍጣል ማለቷ ነው» አልኳት።

ቡና ሲፈላ ልጅቱ አንድ የፎቶግራፍ አልበም አውጥታ ታሳየኝ ጀመር። እናቷ በአፍሮ ፀጉር፣ በቀጭን ወገብ፣ ጊዮርጊስ አደባባይ ቆማ የተነሣችው ላይ ስትደርስ ጣቷን ጣል አድርጋ፣ «ሲ? ማሚ ፔንግ ነበረች!» አለች።

እናትየው ጀበናውን አስቀምጣ ፎቶግራፉን ጥቂት አየችው።

«እኔም እጣፍጥ ኖሯል?» አለች።